ነጋድራስ ገብረ ሕይወት፣ ዕዳና የወለድ ነገር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አጎቴ ደወለልኝ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ማንኩሳ አጠገብ በቆሎና በርበሬ ያርሳል (አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳ)። እንደ አገራችን ደንብ ሰላምታው ረዝሞ፣ ልጆቹንም ከብቶቹንም ጠይቄ ከጨረስኩ በኋላ የደወለበትን ነገር አወጣው። ብሔራዊ ባንክ የወለድ ተመኑን 15 ከመቶ አደረገ ሲባል በሬዲዮ ሰምቷል። ለአዲስ አበባ ሰው በጣም አዝኗል። እሱ ራሱ ለማዳበሪያ 10 ሺህ ብር ሲበደር የተዋዋለው በ10 ነው፤ ያውም ጨንቆታል። 15 የሚከፍል ሰው እንዴት ያድራል?

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። የአጎቴ 10 በወር ነው። የባንኩ 15 ደግሞ በዓመት ነው።

ይህን ስነግረው መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ድጋሚ ጠየቀኝ፤ በዓመት? አዎ፣ በዓመት። ያው 15 ከመቶ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚገበያይበት የመነሻ ተመን እንጂ ባንክ ቤት ሄዶ የሚበደር ሰው የሚከፍለው እንዳልሆነ፣ ተበዳሪው ከዚያ ከፍ ያለ ሊከፍል እንደሚችል ጨመርኩለት። እሱ ግን አልሰማኝም፤ ሒሳቡን ይዟል። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ 10 ሺው 16 ሺህ ይሆናል። ዓመት ሙሉ ሳይከፍል ቢቀርና ወለዱ ራሱ ወለድ ቢወልድ ደግሞ ከ31 ሺህ ያልፋል። የወንጀል ሕጉ አራጣን ይከለክላል። ግን ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሕጉን አይጠብቅም።

ያን ማታ ከመደርደሪያዬ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወረድኩ። የገንዘብ ነገር ግራ ሲገባኝ የምመለስበት ሰው አለ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንቱ ብለው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን 33 ዓመት ሳይሞላው የሞተ ሰው ነው፤ ይህን ከሚያነቡት ብዙዎቻችሁ እኩያ ነው። ስለዚህ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ገብረ ሕይወት የተወለደው በሐምሌ 1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በሚባል ቦታ ነው። አባቱ የዐፄ ዮሐንስ ባለሟል ነበር። መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ሲወድቁ አባትየውም እዚያው ቀረ። ልጁ ሦስት ዓመት አልሞላውም። (ያ ጦር ወደ መተማ ከመዝመቱ በፊት ጎጃም ላይ ሰፍሮ አገሩን አራቁቶት እንደነበር የእኛ ሰፈር ሰው አይረሳም። ሠራዊት ደመወዝ ሳይኖረው ከገበሬ ጎተራ ሲበላ ምን እንደሚያስከትል ገብረ ሕይወት በኋላ አጥብቆ ይጽፍበታል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።)

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከጣሊያኖች ጋር በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ ነው መነሻው፤ ስሙ ደግሞ፣ አይ የስም ነገር፣ ደስታ ነበር። በሬ አለቀ። በሬ የሌለው አያርስም፤ ያላረሰ አያጭድም። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ዛሬ ኢኮኖሚስቶች የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ወይም ማሽቆልቆል የሚሉት ነገር በገበሬ አገር ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ግራፍ ሆኖ ሳይሆን በረት ባዶ ሆኖ።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ተበደረ። ሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ሁላችንም በትምህርት ቤት የምናውቀው አንቀጽ 17ን ነው። የማናውቀው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 1882 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን ሄደው የተፈራረሙትን ተጨማሪ ውል ነው። በእሱ ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው እጁን የሚያስገባው ወደ አገሪቱ ትልቁ የንግድ በር ነው ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ ይህን ሳያዩ አልቀሩም፤ ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩንም መልሰው ከፈሉ። ከአድዋ ድል በፊት የተሸነፈ አንድ ጠላት አለ ብዬ የማስበው ለዚህ ነው፤ ዕዳው።

ግብፅ ይህን አልቻለችም። ከዲቭ እስማኤል ከአውሮፓ ባንኮች በከባድ ወለድ ተበድረው መክፈል ሲያቅታቸው እ.ኤ.አ. በ1876 አበዳሪዎቹ የአገሪቱን ገቢ የሚቆጣጠር ኮሚሽን አቋቋሙ። በ1882 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ገባ። ነገሩ የጀመረው በሒሳብ መዝገብ ነበር፤ ያለቀው በመድፍ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ክፉ ቀን ካፈናቀላቸው አንዱ ሆኖ ገብረ ሕይወት በልጅነቱ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም ምንኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ፈቃድ አግኝቶ ወጣ፤ ከዚያ ሳይወርድ ተደብቆ ቀረ። መርከቡ ባሕር መሀል ሲገባ ታየ። ካፒቴኑ ምን ያድርገው? ይዞት ሄደና ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው። እነሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ጀርመንኛ ተማረ፤ በርሊን ድረስ ሄዶ ተማረ። ዛሬ በሊቢያ በኩል የሚሻገረውን ልጅ ታሪክ ስሰማ ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ተመልሶ መጣ።

አገሩ ሲመለስ በቋንቋ ችሎታው ቤተ መንግሥት ገባና ለዐፄ ምኒልክ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገለ። ንጉሡ ታመው ሽኩቻው ሲበረታ ደግሞ ከዚያ ርቆ ሱዳን ቆየ። ከዚያም «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለችውን አጭር ጽሑፉን ጻፈ፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሥመራ ታተመች። ዐፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ታመው አልጋ ላይ።

በዚያች ጽሑፍ የሚቀጥለው ንጉሥ ሊያደርግ ይገባል ያላቸውን ነገሮች ዘረዘረ። የመጀመሪያዎቹን ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለያዩ አለ። ግብሩ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ገበሬው ስንት እንደሚከፍል ይወቅ፤ ወታደሩም ደመወዝ ይኑረው እንጂ ገበሬ ላይ አይጫን አለ። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጉምሩኩ ደንብ ይኑረው፤ ሕግ ይጻፍ አለ። በዚያ ዘመን ነጋዴ ከጎጃም ተነስቶ እስኪሸጥ ድረስ በየኬላው ይቀረጥ ነበር፤ ግማሽ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል።

ይህ ከወለድ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። የሚከተለው ማብራሪያ የእኔ ነው፤ በእሱ አላሳብብም። ወለድ ሁለት ነገር ተደምሮ ነው። አንዱ የመጠበቅ ዋጋ ነው፤ ዛሬ ያለኝን ገንዘብ ሰጥቼህ እስክትመልስ የምቆይበት። ሁለተኛው የፍርሃት ዋጋ ነው፤ ባትመልስልኝስ? ብትመልስልኝስ የዚያን ጊዜ ብሩ ምን ይገዛል? የንጉሥ ኪስና የመንግሥት ኪስ አንድ ከሆነ ንጉሡ ሲሞት ዕዳውን ማን ይከፍላል? ግብሩ ካልታወቀ ገበሬው ከመኸር በኋላ ምን ያህል እንደሚተርፈው ማን ያውቃል? የማይታወቀው ነገር ሁሉ ወለዱ ላይ ይደመራል። የአጎቴ 10 በወር ውስጥ የመጠበቂያው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ቀሪው ፍርሃት ነው። አበዳሪው ደረሰኝ የለውም፤ ፍርድ ቤት መሄድ አይችልም፤ በረዶ ቢወርድ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ገበያ ቢቀር የሚይዘው ነገር የለም። በዚህ ላይ ተበዳሪው ሌላ አማራጭ እንደሌለው ያውቃል።

አሁን ገብረ ሕይወት በጣም ይወዳት ወደነበረች አገር ልውሰዳችሁ፤ ጃፓን። የዚያ ዘመን የእኛ ምሁራን ጃፓንን ምሳሌ ያደርጓት ነበር፤ እሱም ከፊት ነው። ዛሬ የጃፓን መንግሥት ዕዳ አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ለሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየችበት ኢኮኖሚም ቀዝቃዛ ነበር። ታዲያ ወለዱ ሰማይ መድረስ የለበትም? እንዲያውም ለረጅም ዓመታት ዜሮ አካባቢ ተኝቶ ነበር። ለምን ቢባል፣ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ነጋዴው ፋብሪካ ለማስፋት አይበደርም፤ ቤተሰቡም ወጪውን ይይዛል፤ ገንዘብ ፈላጊ ያጣል። ያ ሁሉ ቁጠባ የት ይሂድ? መንግሥት አይከዳም ብሎ የሚያምን ሕዝብ የመንግሥትን ቦንድ ይገዛል። ማዕከላዊ ባንኩም ዋጋ ስለማይንርበት ተመኑን ዝቅ ያደርጋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2020 ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ መንግሥት እየተበደረ ወለዱ ወደ ዜሮ ወረደ። ዋጋ መናር ሲጀምር ነው በ2022 ወለዱን ያነሱት።

ስለዚህ ኢኮኖሚ ሲታመም ወለድ ይወርዳል የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ግን ለሚታመን ሰው ብቻ ነው። ለማይታመነው ተቃራኒው ነው። አጎቴ ሰፈር ዝናብ ሲበላሽ ተበዳሪው ይበዛል፤ አበዳሪው ይጠፋል፤ ወለዱ ይወጣል። በአንድ ዓይነት ክፉ ቀን አንዱ በዜሮ ይበደራል፤ ሌላው በ10 በወር።

መንግሥታችንስ ከየትኛው ነው? ከሁለቱም። ለውጭ አበዳሪ ሲቀርብ እንደ አጎቴ ነው። ኅዳር መጨረሻ 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 ከመቶ ነው። ይህ በዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ይላል፤ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን። ታኅሣሥ 2016 ላይ ያንን 33 ሚሊዮን ሳትከፍል ቀረች፤ ከዚያ በፊት በጀመረችው የዕዳ ሽግሽግ ድርድር አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ላስተናግድ ብላ። ከዚህ በኋላ አዲስ ብድር ለመጠየቅ ገበያ የወጣ አገር የፍርሃት ዋጋው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ለአገር ውስጥ አበዳሪ ሲቀርብ ግን ሌላ ነው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 ከመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። የሰነዱ ወለድ በዓመት 3 ከመቶ ነበር። ያኔ ባንክ ለቆጣቢ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 ከመቶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ5 ገዝቶ በ3 መሸጥ! ባንኩ ይህን ኪሳራ ከየት ያካክሳል? ከሌላው ተበዳሪ ነዋ። ነጋዴው ላይ ወለዱን ይጨምራል፤ ለትንሽ ተበዳሪ ደግሞ በሩን ያጠባል። መመሪያው እስከ ኅዳር 2012 ድረስ ቆየ። በ2015 ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 ከመቶ የሚያህል የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ሌላ መመሪያ ወጣ።

ቆጣቢውም አልተረፈም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 ከመቶ ሆኗል። 2014 ላይ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። 10 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 10 ሺህ 700 ያገኛል፤ ዕቃው ደግሞ 13 ሺህ ገብቷል። የመግዛት አቅሙ ወደ 8 ሺህ 200 ወርዷል ማለት ነው። ቴሌብራችሁ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ እያያችሁ ድህነታችሁም አብሮ ያድጋል። መንግሥት ርካሽ ብድር ሲያገኝ ርካሽነቱን የሚሸፍን ሰው አለ፤ ሒሳቡን የሚሸፍነው ሰው መሸፈኑን አያውቅም እንጂ። በሐምሌ 2016 የወጣው 15 ከመቶ ይህንን ለማስተካከል የታሰበ ነው፤ ገንዘብ ዋጋ ይኑረው፣ ንረቱም ይገታ ተብሎ። ሐሳቡን አልቃወምም። ጥያቄዬ መድኃኒቱ ማንኩሳ እስኪደርስ ስንት ሰኔ ያልፋል ነው።

ገብረ ሕይወት ዋናውን መጽሐፉን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የጻፈው ይህን የመሰለ ነገር እያሰበ ነው። ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው ይላል፤ ሥራን የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን ጥሬ ነገር አውጥቶ ይሸጣል፤ ዕውቀት ያለው በትንሽ ቀን የሠራውን ይሰጠውና ይለዋወጣሉ። ልውውጡ እኩል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አንዱ እየከበረ ሌላው ባሪያው እየሆነ ይሄዳል። የላቲን አሜሪካ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ በዓለም ከማስተዋወቃቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በአማርኛ የጻፈው ነው። የቡሬ በርበሬ ጥሬውን በጆንያ ወጥቶ፣ የተፈጨና የታሸገ ነገር በሌላ ዋጋ ተመልሶ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባም ትዝ ብሎኛል። በዶላር የተበደረ አገር ዕዳውን የሚከፍለው ከውጭ ንግድ በሚያገኘው ዶላር ነው፤ ጥሬ ቡናና ሰሊጥ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋቸው በወረደ ቁጥር ያው ዕዳ ይከብደዋል።

እሱ ራሱ ጽፎ ብቻ አልቀረም። በምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። ያ ባቡር ራሱ የካፒታል እጥረት ታሪክ ነው፤ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ ኩባንያ ተተክቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ፤ የንግዱና የጉምሩኩ አለቃ ማለት ነው። ሐረር ደጅ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባቡሩ ከመጣ ጀምሮ የሐረርን ንግድ ወስዳለች። በሦስት ዓመቱ የሐረር ጉምሩክ ለ4 ሚሊዮን ሊሬ በመያዣነት የተጻፈበት ልጅ፣ ሠላሳውን አልፎ የዚያው በር ጠባቂ ሆነ። ይህን እሱ አስቦት እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

እዚያ ብዙ አልቆየም። ሰኔ 1911 ዓ.ም. ሞተ። መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ እንደተቀመጠ ነበር፤ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ዛሬ በስልካችሁ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ፤ አማርኛው አይከብድም፤ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል።

አጎቴ ያን ዓመት ታኅሣሥ ላይ በቆሎውን ሸጦ 16 ሺውን ከፈለ። ጊዜው ሁሉም ዕዳ ያለበት ሰው የሚሸጥበት ሰሞን ስለነበር ዋጋው ወርዶ ነበር፤ ሦስት ወር ቢያቆየው የተሻለ ያወጣለት ነበር። አበዳሪው ግን ሦስት ወር አይቆይም፤ ቢቆይም ሌላ 3 ሺህ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። ሬዲዮ ላይ ከመቶ የሚል ነገር በሰማ ቁጥር ይደውልልኛል፤ ሰላምታውን አሳጥሮ ቁጥሩ በወር ነው በዓመት ብሎ ይጠይቀኛል።